በሂሎ ወደብ ስልክ የጠየቅኩበት ጠዋት

አራት ነበርን። ልጄ ከባሕሩ ዳር ካለው የድንጋይ አጥር አጠገብ ቪዲዮ ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሚስቱ የአስጎብኚው አውቶቡስ በር ላይ ናት። እናቷ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመዋል፤ ደሴቶችን እያዞረ በሚያስጎበኘን መርከብ ላይ ለእኔና ለሳቸው አንድ ክፍል ተሰጥቶን ደህና እደሩ እንኳን አንባባልም ነበር። እኔ የሕዝብ ስልኩ ጋ ነበርኩ።

ከሲያትል ስንነሳ ወንድሜ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር ነው የማውቀው። ቤት ሆኜ ልደውል ስል አንዴ መስመር የለም፣ አንዴ ሰዓቱ አይመችም ይሉኛል።

"አሁን እዚያ ማታ ነው፤ ሰው ይገኛል። የስልክ ካርዱን ስጠኝ" አልኩት ልጄን።

"እማዬ፣ ስንመለስ ኮል እናደርጋለን። ኦኬ? ባሱ ሊሄድ ነው።"

ሄድን። መጀመሪያ ያሳዩን ፏፏቴ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይወርዳል፤ ከሥሩ ቀስተ ደመና ነበረው። ማማሩን አልክድም። ቀጥሎ ዳስ ውስጥ ሴቶች የቅጠል ጉርድ ታጥቀው ጨፈሩ። በዕድሜ የምታህለኝ አንዷ እጄን ይዛ አስነሳችኝ። እንደሷ እጄን አወዛወዝኩ፤ ሳቅሁም። ልጄ ቀረጸኝ።

ተመልሰን ወደቡ ላይ ከአውቶቡሱ ስንወርድ እንደገና ካርዱን ጠየቅኩት።

"አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎን ብንውል ምን አለበት?" አለች ምራቴ። "ይህን ሁሉ አሳይተንዎት አንድ ምስጋና አልሰማንም።"

"እግርሽ ላይ ልውደቅልሽ?"

"ተያቸው ልጄ" አሉ እናቷ። "ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ቤታችን ስንገባ ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው ያረዷቸዋል። እኛ ምን አጣላን?"

ልጄ ካሜራውን አወረደ።

"መቼ ነው የሞተው?" አልኩት።

"ልንነሳ ስንል። ቲኬቱ ተቆርጦ ነበር፣ እማዬ። ስንመለስ በወጉ ልናረዳሽ ነበር።"

"ተቀብሯል?"

"ተቀብሯል።"

"አንተ እያወቅህ ነው ስጨፍር የቀረጽከኝ?"



"ለርስዎ ብለን ነው" አለች ሚስቱ። "ቢያውቁ ኖሮ ይመጡ ነበር?"

"አልመጣም ነበር።"

"በቃ፣ ለዚያ ነዋ።"

እናቷ ነጠላዬን ሊያስተካክሉልኝ እጃቸውን ዘረጉ። "አይንኩኝ" አልኳቸው።

ቦርሳዬን አነሳሁና ብቻዬን ወደ መርከቡ ሄድኩ።