የተፈራ ሞተርና ያልጠፋው የፍሬን መብራት

ከባለቤቴ ከተፈራ ጋር የመጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር አንሶላ ማጠፍ ነበር። በረንዳው ላይ እሱ ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ይዘን ተጠጋግተን አገጣጠምነው። ቸኩሎ ነበር፤ ታች ግቢው ውስጥ ሞተር ሳይክሉ ይጠብቀዋል። "የቀረውን አንቺ ጨርሺው" ብሎኝ በደረጃው ወረደ። በማግስቱ ከእንቅልፉ አልነቃም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ።

ሙት ዓመቱን ካወጣሁ በኋላ ሞተሩን ለመሸጥ ወሰንኩ። ሁለት ገዢ መጣ። አንዱ የመርካቶ ነጋዴ ነው። ሌላዋ ሰላማዊት ናት፤ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ የራሷ ሞተር ያላት፣ ለዓመታት እሑድ እሑድ ከተፈራ ጋር ከከተማ የምትወጣ ሴት። ለማንም ልሸጠው ዝግጁ ነበርኩ፤ ለእሷ ግን እጄ አልፈታ አለኝ። ዓመት ሙሉ የቆመ ሞተር ሳይፈተሽ አይሸጥም ብላ ቢሾፍቱ ወዳለ ጋራዥ ልትወስደው ጠየቀችኝ።

"እኔም እመጣለሁ" አልኳት።

ልደታ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ተፈራ ሁለት ሄልሜት ነበረው። ሁለተኛውን ሳጠልቅ ማሰሪያው አጥሮ አነቀኝ።

"ይሄ የማን አገጭ ልክ ነው?"

"የኔ ነው" አለች ሰላማዊት፣ ማሰሪያውን እያላላችልኝ። "ሞተሬ ጋራዥ ስትገባ ከተፌ ኋላ እቀመጥ ነበር።"

ተፌ! እኔ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ተፈራ ነው ያልኩት።

አዲስ ባትሪ ገጥማ ቁልፉን ስታዞር ከፊት ለፊቷ አንድ ቢጫ መብራት በራ። የኤቢኤሱ ነው፤ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው መሣሪያ። "ትንሽ ስንሄድ መጥፋት አለበት" አለች። ሜክሲኮ ደረስን፤ አልጠፋም። ዳር ይዛ ቆመችና ፊውዙን አየች፣ ባትሪውን ለካች። ሁለቱም ደህና ናቸው።

"ፍሬኑ ይይዛል፤ ኤቢኤሱ ግን ሥራ አቁሟል። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ወገቤን ይያዙኝ፣ እትዬ ጥሩወርቅ።"

ወገቧን አልያዝኩም። የኋላውን ብረት ጨበጥኩ። ሳሪስ ላይ ግን አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ፊታችን ድንገት ቆመ። ሰላማዊት ፍሬን ስትይዝ የፊት ጎማው ጮኸና ወደ ጎን ሸተት አለ። ያን ጊዜ በሁለት እጄ አቀፍኳት። እስከ ቃሊቲ ድረስ አልለቀቅኳትም፤ በዚህም ተናደድኩ።

ዱከም

ከከባድ መኪኖቹ አቧራና ጭስ ወጥተን ዱከም አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆምን። አስተናጋጇ ከውስጥ ሮጣ ወጣች።

"ውይ! የተፌ ሞተር! እሱስ? ረሳን አይደል?"

ሰላማዊት አንገቷን ደፋች። "ሞቷል" አልኩ። "እኔ ሚስቱ ነኝ።"

ልጅቷ ዓይኗን በመሃረብ ጠረገችና ሳናዛት ጥብስ አመጣች። "ቃሪያ የለውም፤ ተፌ ቃሪያ አይወድም ነበር" አለችኝ። እኔ በየእሑዱ ማታ ከመንገድ ሲመለስ ስንግ ቃሪያ አቀርብለት ነበር፤ አንድም ቀን አልተወውም።

"ስለ እኔ ምን ይል ነበር?" አልኳት ሰላማዊትን።

አላምጣ ጨረሰች። "ስለ ቤት አያወራም ነበር፣ እትዬ። ስለ መንገድና ስለ ጎማ ነው የሚያወራው።"

ደስ የሚያሰኝ ውሸት ጠብቄ ነበር። ሒሳቡን ልትከፍል ስትል እጇን ይዤ መለስኩና እኔ ከፈልኩ።

ቢሾፍቱ

መካኒኩ ግርማ ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ ነው። መመርመሪያውን ሞተሩ ላይ ሰክቶ አነበበ፦ ችግሩ የፊት ጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ላይ ነው። ሴንሰሩን ፈትቶ አቧራውን ጠርጎ መለሰው። መብራቱ አልጠፋም። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ፤ አልተቆረጠም። ከዚያ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ በእጁ ቀስ እያደረገ አዞረው። ከጎማው ጋር አንድ ጥርስ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ይዞራል፤ ሴንሰሩ የሚቆጥረው እነዚያን ጥርሶች ነው።

"እዩት፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ከሴንሰሩ ይርቃል። ቀለበቱ ተጣሟል።" ጎንበስ ብሎ በጉጠት ሰማያዊ የገመድ ክር መዘዘ። "እትዬ፣ በሬ መስሏችሁ አሰራችሁት እንዴ?"

ክሩን ሳየው አወቅሁት።

"የለቅሶው ድንኳን ገመድ ነው" አልኩ። የኮንዶሚኒየማችን ግቢ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ካስማ አይገባበትም። የዕድሩ ሰዎች ከባድ ነገር ሲፈልጉ ሞተሩን አገኙና ገመዱን በፊት ጎማው አሳልፈው አሰሩት። ሦስት ቀን ሙሉ ነፋስ ድንኳኑን በገፋው ቁጥር ገመዱ ቀለበቱን ሲስብ ሰንብቷል።

ግርማ ሳቁን ዋጠና "ነፍስ ይማር" አለ።

ነውር ቢሆንም ደስ አለኝ። ስለዚህ ሞተር ሰላማዊት የማታውቀውን አንድ ነገር አውቄ ተገኘሁ። "አንቺ ድንኳኑን መች አየሽው?" አልኳት፣ ልወጋት ፈልጌ።

"አይቼዋለሁ። ከበሩ ማዶ ቆሜ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልገባሽም?"

"ምኑ ነሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? እርስዎን ሰው ሁሉ እየመጣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይልዎታል። እኔ ሰኞ ሥራ ገባሁ፤ ማንም ምንም አላለኝም።" ዓይኗን ከጎማው አላነሳችም። "ቀንቼብዎት ነበር።"

ግርማ ከሌላ ሞተር የወጣ ደህና ቀለበት ገጠመ፣ በቀለበቱና በሴንሰሩ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። የፍሬኑ ዘይት ጠቁሮ ስለነበር እሱንም ቀየረው፤ ሞተር ቢቆምም ዘይቱ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል አለን። ባዶ መንገድ ላይ ሞከርነው። ጥቂት እንደሄድን መብራቱ ጠፋ። ሰላማዊት ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋ ስትይዝ ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ ቆመ።

ልደታ፣ አመሻሽ

ግቢያችን ስንገባ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ መኮንን ከጎረቤቶች ጋር ደረጃው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሰላማዊት ሄልሜቷን ስታወልቅ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ይህች ደግሞ ማን ናት?"

"የተፈራ ወዳጅ ናት" አልኩ። "ለቅሶ ልትደርስ ነው የመጣችው።"

ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ" አሏት። ሌሎቹም ተነሡ። ሰላማዊት የሞተሩን መሪ እንደያዘች እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ጎረቤቶቼ ከበው አጽናኗት። ለእኔ ተሰጥቶ የነበረውን ሲሰጧት እያየሁ እንደገና ቀናሁ።

ከጉዞው ስለ ፍሬን ብዙ ተምሬአለሁ፦ መብራቱ አልጠፋ ሲል ከፊውዝና ከባትሪ በኋላ ጎማውን አንስቶ በእጅ ማዞር ይገባል። ስለ ቅናት የተማርኩት ግን ጥቂት ነው። የምትቀናብኝ ሴት መኖሯን ማወቄ የኔን አልቀነሰውም።

ሞተሩን ለነጋዴውም ለእሷም አልሸጥኩትም። አሁን ሰላማዊት እሑድ እሑድ እየመጣች ትነዳዋለች፣ እኔ ከኋላዋ እቀመጣለሁ።