የመስመሩ ማዶ ወዳጅ

ባሌ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ልቡ ግን ድንበር ማዶ ነው። ሴት እንዳትመስላችሁ! ጎረቤት አገር የመብራት ጣቢያ የሚሠራ ሰውዬ ነው። አገራችን ትንሽ ናት፤ መብራቱም ናፍጣውም የሚመጣልን በዚያች አገር በኩል ነው። መስመሩን ከዚያ የሚልከው ሰውዬው፣ እዚህ ተቀብሎ ለከተማው የሚያከፋፍለው ባሌ። ስለ ሥራቸው በየማለዳው ይደዋወላሉ እንጂ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። ሰላምታቸው ግን ማለቂያ የለውም። «እንዴት አደርክ? ልጆችስ? የባለቤትህ ወገብ ተሻላት?» ቁርስ ይዤለት ጣቢያው ስሄድ ሻዩ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል።

«እኔን እንዲህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» ስለው፣ «አንቺማ አጠገቤ ነሽ» ይለኛል። ወይ ጉድ!

ዘንድሮ ሁለቱ መንግሥታት በወደቡ መንገድ ቀረጥ ተጣሉ። ቦቴዎች ድንበር ላይ ቆሙ፣ ማደያዎች ተዘጉ። በዚያው ሰሞን ልጃችን ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። የልጅ ልጄ እፍኝ የማትሞላ ሆና ሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ የማዶው ሰው ስልኩ እንደተነሳ የሚጠይቀው እሷን ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ባሌ ስልኩን አንስቶ «እሺ» ብቻ ብሎ ዘጋው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ስለ መስመሩ ብቻ አውርቶ ዘጋ። ስለ ሕፃኗ አልጠየቀኝም።»

«ተጣላችሁ እንዴ?»

«እሱ እኔን አይጣላም። የሚሰማው የመንግሥት ሰው አጠገቡ ቆሟል ማለት ነው። መብራት ሊቆርጡብን ነው!»

ወዲያው ሆስፒታል ደውሎ ጀነሬተሩን እንዲያስነሱ ለመነ። «ናፍጣ በጠብታ እየቆጠብን፣ ሰላምታ ቀረ ተብሎ ጀነሬተር ይነሳል?» ብሎ የሆስፒታሉ ሰው ሲያንገራግር ስልኩን ነጠቅኩ። «አያቷ ነኝ! አስነሳ ብያለሁ አስነሳ!»

አስነሳ። ባሌ ቁርሱን ሳይጨርስ ከተማው ድርግም አለ። ማሞቂያው ግን አልጠፋም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መንግሥታቱ እስኪታረቁ ሕፃኗ ወፍራ ቤት ገባች። መብራት የተለቀቀ ዕለት አዝያት ቁርስ ይዤ ስደርስ ስልኩ ጮኸ፤ ባሌን ቀደምኩት።

«ሕፃኗ እንዴት ናት?» አለ የማዶው ሰው። ሌላ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፣ ወንድሜ። ዕድሜ ይስጥህ። አንተስ እንዴት ነህ? ልጆችስ? የባለቤትህ ወገብ ተሻላት?»

«ኧረ ሻዩ ቀዘቀዘ!» አለ ባሌ ከኋላዬ።

«ይቀዝቀዛ!»