የመቀናጆ በሬዎቹ ጠላት

በደርግ ዘመን የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ። ማንበብና መጻፍ ስለምችል የገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ አደረገኝና ሰው ማስታረቅ እንድማር ደብረ ታቦር ላከኝ። ካድሬው ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣለና «ቅራኔ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጠላታዊና ጠላታዊ ያልሆነ» አለን። ምሳው የበግ ወጥ ነበር። ከሥልጠናው በደንብ የማስታውሰው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ስመለስ የመጀመሪያው ጉዳይ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሸምገል ያሉ፣ አንዱ ገና ጎረምሳ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ስላላቸው መቀናጆ ገብተው፣ በሬዎቹን አብረው እየጠመዱ ተራ በተራ ያርሳሉ። ያን ሰኔ ግን ተጣሉ።

«የእኔን በሬ እየለየ ይገርፋል!» ይላሉ ሸምገል ያሉት።

«የአንቱ በሬ ቆሞ ሲያንቀላፋ ምን ላድርግ?» ይላል ጎረምሳው።

በሬዎቹን ለያዩ። ዝናቡ ገብቷል፤ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። የጤፍ መዝሪያው ካለፈ ሁለቱም ቤት ለከርሞ የሚቀምሱት የላቸውም።

ከሾላው ሥር አስቀመጥኳቸውና ሁለቱን ክብ በዱላ መሬት ላይ ሣልኩላቸው። «የእናንተ ቅራኔ የትኛው ነው?» ብላቸው ሁለቱም ሳያመነቱ ጠላታዊውን መረጡ። ከተጣሉ ወዲህ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነበር።

ቢጨንቀኝ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ በአስታራቂነት የታወቁ ሰው ናቸው፤ ከገዛ አማቾቻቸው ጋር ግን ታርቀው አያውቁም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል» አሉ እየሳቁ። «የእነዚህ ነገር ግን ጅራፍ ነው፤ ጅራፍ ሥር የለውም። እነሱን የቸገራቸው አብረው የሚጠሉት ሰው ማጣት ነው።»

«ከየት ላምጣላቸው፣ ጋሼ?»

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «አንተ ምን ይጎድልሃል?»

በማግስቱ ሁለቱን ከሾላው ሥር መልሼ ጠራኋቸውና አጎቴን ከጎኔ አስቀምጬ ፊቴን አኮሳተርኩ። «ሸንጎው ተመካክሯል። የአንቱ በሬ እንቅልፋም ነው፤ ያንተም ቀንበር ሲያይ የሚያነክስ ሰነፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተወርሰው ለአምራቾች ማኅበር የጋራ እርሻ ይሰጡ!» ሸንጎው ምንም አልተመካከረም፤ የተመካከርኩት መንገድ ላይ ከራሴ ጋር ነው። አጎቴ እንኳ ይህን አልጠበቁም፤ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጎረምሳው ከተቀመጠበት ተፈናጠረ። «እንቅልፋም? የእሳቸው በሬ? ያን ጭንጫ መሬት ማን ሆነና የሚሰነጥቀው? የእኔ ወይፈን ቀንበር የለመደው ከእሱ ጎን ሆኖ ነው እኮ!»

«የዚህን ልጅ በሬ ያነክሳል የሚል ዓይኑ ይጥፋ!» አሉ ሸምገል ያሉት፣ ዱላቸውን መሬት ላይ መትተው። «ተነሥ ልጄ፣ ከዚህ ጋር ምን ያነጋግረናል!»

ተያይዘው ሄዱ። ከቀትር በፊት በሬዎቹ ተጠምደው ሲያርሱ ከትምህርት ቤቱ በር ቆሜ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅሁ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ክረምቱን ሙሉ ሁለቱም ሰላም አላሉኝም። እስከ ሐሙሲት ገበያ ድረስ ስሜ «በሬ ነጣቂው መምህር» ሆነ። እውነቱን እንዳልናገር እርቁ ይፈርሳል፤ እንዳልተወው ከፋኝ። አጎቴ ባገኙኝ ቁጥር «ጠላትነት እንዴት ይዞሃል?» ይሉኛል። አንዳንዴ ከልቤ እናደድባቸው ነበር።

ጤፉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ አንድ እሑድ ሽማግሎች ደጄ መጡ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፤ ከፊት የሚመሩት አጎቴ ናቸው።

«መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ተቀይመውሃል። በሬዎቻቸውን ሰድበሃል አሉ፤ እውነት ነው?» ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት እንኳ የለም።

«እውነት ነው» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«እንግዲያው በወጉ ይቅርታ ጠይቅ» አሉና የምሸከመውን ድንጋይ ራሳቸው መርጠው አቀበሉኝ። ትልቁን ነው የመረጡት።

ጫንቃዬ ላይ አድርጌው አጎነበስኩና ሳቄንም ንዴቴንም ዋጥ አድርጌ «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ» አልኩ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ መጥተው ድንጋዩን እኩል አነሱልኝ። ሸምገል ያሉት ሲስሙኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ ለከርሞ ከተጣላን አደራህን፤ በሬዎቹን ደህና አድርገህ ስደብልን።»