ውሃ የማይነካው ኩል

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ልጅ ሆኜ ታምሜ የግራ ዓይኔ ቆብ ወረድ ብሎ ቀርቷል፤ ከቀኙ ትንሽ ያንሳል። ሰው ልብ አይለውም ይሉኛል፤ እኔ ግን መስታወት ፊት ስቆም ከእሱ ሌላ አይታየኝም። በኩል ላስተካክለው ያልሞከርኩት የለም። ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት፤ እንደ አገራችን ወግ አዳዳ ነው የምላት። የኩሉን ድንጋይ ከባቲ ታስመጣና ወቅጣ፣ በስስ ጨርቅ ነፍታ ታዘጋጅልኛለች። ስለ ዓይኔ ሳማርርላት መልሷ ሁሌም አንድ ነው፦ ያያል አይደል?

ታዲያ የሚፈልገኝ ልጅ እናት ሊያዩኝ ከሰንበቴ ከተማ ይመጣሉ ተባለ። ልጁን እኔም ወድጄዋለሁ። ሴትየዋ ግን ዓይኔን አይተው ልጃቸውን ሐሳብ ያስቀይሩብኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አስፋልቱ ዳር ካለ ኮስሞቲክስ ቤት ብገባ፣ ሻጯ በስልኳ ቪዲዮ ከፍታ አንድ ነገር አሳየችኝ። ባንድ ጫፉ እስክሪብቶ፣ በሌላው ማህተም ነው። ማህተሙን ዓይን ጥግ ላይ ጠቅ ሲያደርጉት እንደ ወፍ ክንፍ ሹል ያለ ጭራ ያወጣል።

«ሁለቱም ዓይን ቁርጥ አንድ ይሆናል» አለችኝ፤ «ደሞ ውሃ አይነካውም፣ ብታለቅሺም አይለቅም።»

ልቤን የወሰደው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን እንደ ምርቃት ቆጥሬ ገዛሁት።

የቀጠሮው ቀን የቀትሩን የዙህር ሶላት ሰግጄ መስታወቴን ያዝኩ። ቀኙ አማረልኝ። ግራው ላይ ግን ማህተሙን ገልብጬ ኖሮ ጭራው ወደ አፍንጫዬ ዞረ። በእርጥብ ጨርቅ ባሸው ባሸው ወይ ፍንክች! በትክክለኛው በኩል ሌላ መታሁበት፤ የተሳሳተውን ልሸፍን አወፈርኩት፤ ቀኙም እሱን እንዲመስል ብዬ እሱንም አወፈርኩት። አዳዳ ገብታ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማል ታቴ?» አለች በኦሮምኛ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። «የቀበሌ ማህተም ነው እንዴ የመታሽበት?»

ልስቅ ስል የእንግዳዋ ድምፅ ከበር ተሰማ።

ገብተው ስልካቸውን ቻርጅ አሰክተው ተቀመጡ። ከአዳዳ ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ሲያወሩ እኔ በቀኝ በኩሌ ብቻ እንዲያዩኝ አንገቴን አጣምሜ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት አዛን ሲል እንግዳዋ ለውዱእ ሊታጠቡ ተነሡ። እኔም ተነሣሁና ደጃፉ ላይ ስደርስ ደንግጬ ቆምኩ። ውሃው ቆዳ ካልነካ ውዱእ አይሆንም። ይህን የጥፍር ቀለም በቀባሁ ጊዜ ያስተማረችኝ አዳዳ ራሷ ናት፤ የዓይኔን ቀለም ደግሞ ውሃ አይነካውም። እንግዳዋ እስክመጣ እየጠበቁኝ ነው። አዳዳ አንዴ ፊቴን፣ አንዴ እሳቸውን አየች።

«ወላሂ፣ ሰሞኑን አትሰግድም» አለች።

ሴት በወር አበባዋ አትሰግድምና እንግዳዋ ወዲያው ገባቸው፤ ተቀመጪ የኔ እናት ብለው መስገጃው ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ጀርባቸውን አያለሁ። እውነቱን ብናገር አዳዳን በእንግዳ ፊት ውሸታም ላደርጋት ነው፤ ዝም ብል ሶላቴ ሊያልፈኝ ነው። ዝም አልኩ።

እሳቸው ወደ መኪና እንደወጡ አዳዳ የምግብ ዘይት አመጣች። በጥጥ እያሸች ዓይኔ ቀልቶ እስኪያብጥ ድረስ አስለቀቀችው። ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር፤ ሳትጠልቅብኝ ተጣድፌ ታጠብኩና ለሶላት ቆምኩ። ሁለተኛው ረከዓ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ረስተው ተመልሰዋል። ሶላቴን አላቋርጠው! አዳዳ በሩን ስትከፍት ይሰማኛል። አሰላምቼ ስጨርስ ዞር ብል፣ ሴትየዋ መስገጃዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ማህተሙም፣ ስለ ውሃውም፣ ስለ ዓይኔም። እሷ ለእኔ ብላ ነው አልኩ። አዳዳ መሬት መሬት ታያለች። ሴትየዋ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩ።

«ልጄ ስላንቺ መጀመሪያ የነገረኝ ይችን ዓይን ነው» አሉ። «ስትስቅ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት ብሎኛል።»

ስልካቸውን ነቅለው፣ አዳዳን ትከሻዋን ነካ አድርገው ወጡ።

ደስታዬን ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ። ሳስታውሰው ግን ሙሉ ሆኖ አይመጣልኝም። እኔ አንድ ዓይን ልሸፍን ብዬ፣ በሕይወቷ ስትምል ሰምቻት የማላውቅ ሴት በሐሰት አስማልኳት። ዝም በማለቴም መሐላዋን አጸናሁባት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሥራ ታዘኛለች።

በሐሰት የማለና ለድሆች የሚያበላው የሌለው ሰው ሦስት ቀን ይጾማል ብላ የነገረችኝ ድሮ ነው። በማግስቱ ቁርስ ሳቀርብላት ብይ አንቺ አለችኝ። ልጁ ለጋብቻ የላካቸው ሽማግሌዎች የመጡት በሦስተኛው ቀን ነበር። ወጡን ሁሉ ራሷ ሠራች፤ ጨውን ለጎረቤት አስቀመሰች፤ ሽማግሌዎቹ በልተው እስኪነሡ ድረስ ጓዳው በር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።