ፎቶ ቤቴ በር ላይ የተገኘችው ጆንያ

ትናንት ጠዋት... ነቀምቴ ፎቶ ቤቴ ቁጭ ብዬ የአንዷን ሙሽራ ፎቶ በኮምፒውተር ሳሳምር፣ የውጭው ጫጫታ ድንገት ጠፋ። የባጃጅ ጡሩምባ እንኳ የለም።

በመስኮት ባይ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ማዶ ገመድ ተወጥሯል። የሰርጉን ፎቶ ያነሳሁለት ፖሊስ ከሩቅ «ኦቦሌሳ፣ እንዳትወጣ። በርህ ላይ ባለቤት የሌለው ጆንያ አለ» አለኝ።

ቤቱ ያለው አንድ በር ብቻ ነው... ጆንያዋም እሱኑ ተደግፋ ቆማለች።

ወታደሮችና የቀበሌው ጸጥታ ኃላፊም መጡ፤ አሁን ያነሱልኛል ስል ክርክር ተጀመረ። ፖሊሱ ፈንጂ የወታደር ሥራ ነው አለ። የወታደሮቹ አዛዥ ደግሞ አስተዳደሩ በደብዳቤ ሳይጠይቀን ከተማ ውስጥ እጃችንን አናስገባም አለ። የቀበሌው ጸጥታ ኃላፊ፣ ደብዳቤውን እጽፋለሁ ግን መጀመሪያ ፖሊስ ፈንጂ መሆኑን ያረጋግጥልኝ አለ። ፖሊሱ፣ ለማረጋገጥ እኮ መከፈት አለባት... እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ።

ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ናት። «እማዬ ከኑኑ ቁምባ አንጮቴ ልካለች። የሚኒባሱ ረዳት በሩ ላይ አስቀምጬለታለሁ አለኝ፤ አገኘኸው?»

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። የኔ ናት ብል ይዘውኝ ሊሄዱ ነው፣ ዝም ብል እዚያው ማደሬ ነው። በመጨረሻ በመስኮቱ ተጣራሁ። «የኔ ናት... አማቴ የላከችው አንጮቴ ነው፣ የሚበላ ሥራ ሥር።»

ክርክሩ እኔን ማን ይመርምረኝ ወደሚለው ዞረ። ፖሊሱ ተጠርጣሪዬ ነው፣ አዛዡ ግዳጁ የኛ ነው፣ ኃላፊው ነዋሪዬ ነው ይላሉ። በዕድሜዬ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንተው ክፈታት» ብለውኝ ሦስቱም ወደ ኋላ ሸሹ።

አማቴን አምናታለሁ። ግን መሣሪያ የታጠቀ ሰው ሲሸሽ ሰው አማቱንም ይጠራጠራል። በሩን ቀስ ብዬ ከፍቼ ፈታኋት... አንጮቴ። አፈሩ እንኳ ያልረገፈ ሥራ ሥር።

እፎይ ብዬ ልገባ ስል አዛዡ ጠራኝ። «ፎቶ አንሺ ነህ አይደል? ለሪፖርት ከጆንያዋ ጋር አንሳን።» ኃላፊው እኛንም አለ። ፖሊሱም ኮፍያውን አስተካከለ። አብረው ግን አልተነሱም፤ አንዱ ሌላው ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ ተራ ይዘው ለየብቻ ተነሱ።

የአማቴ አንጮቴ በአንድ ጠዋት፣ በሦስት ሪፖርት፣ እንደ ፈንጂ ሦስት ጊዜ ከሸፈ። የቀረውን ግዳጅ ማታ ባለቤቴ ብቻዋን ፈጸመችው... ያለ ደብዳቤ፣ በቅቤ።