የሠላሳ ሰባተኛው ሳምንት ቤት

እትዬ ዘርፈሽዋልን የማውቃቸው ከሐሙስ ሐሙስ ነው። ሮማ ውስጥ ሰው ቤት እያደረ የሚሠራ፣ እኛ ፊሳ የምንለው፣ ነፃ የሚወጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው አደባባይ በእኛ ሰው ይሞላል፤ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጠርገው የወሰዱት ይመስል ባዶውን ይቀራል። እሳቸው ሁልጊዜ ፋርማሲው ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው። ሌላ ሰው ተቀምጦባት ካገኙ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ ሌላ ወንበር አይፈልጉም።

ልጃቸው አርሴማ ያደገችው በዚያች ወንበር ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፊሳ ልጅ ይዞ ሥራ አይገባም። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ኮሌጆ፣ መነኮሳቱ ሲስተሮች ዘንድ፣ አዳሪ ሆነች። ሐሙስ ሐሙስ እሷ ከሲስተሮቹ በር፣ እናት ከአሠሪያቸው ከሲኞራዋ በር ወጥተው እዚህ ይገናኛሉ። ጸጉር የሚሠራው፣ ፓኒኖ የሚበላው፣ የትምህርት ቤት ውጤት የሚታየው፣ የሚኮረፈው፣ የሚታረቁትም በእነዚያ አራት ሰዓቶች ውስጥ ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እናት ቦርሳቸውን ያነሱና «በይ እናቴ፣ እንዳይመሽብሽ» ይላሉ። አለቀ።

አሁን አርሴማ ሠላሳ ልትደፍን ምንም አልቀራት። ነርስ ናት፤ ፒኜቶ ሰፈር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተጋርታ ትኖራለች። ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን እየሳቀች፣ እናቴ ስትተኛ አይቼ አላውቅም፣ የምትተኛም አይመስለኝም አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ አልተስማማኝም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል አሮጊቷ ሲኞራ ሞቱ። የሟቿ እህት እትዬ ዘርፈሽዋልን ወዲያው ወሰዷቸው፤ «ከነድስቱ ወረሱኝ» ይሉ ነበር እሳቸው። የዘመናት ሊኩዳሲዮኔያቸው፣ የአገልግሎት ካሳው፣ ያን ጊዜ ተከፈላቸው። በዚያው ሰሞን ሱፐርማርኬት ውስጥ ስምና ስልክ የሞሉባት ወረቀት ምሳ አስጋበዘቻቸው። አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የባህር ዳር ሥዕል እያሳዩ፣ ወይን እየቀዱ ሲያናግሯቸው ዋሉ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለት ወረቀት ይዘው መጡና ወንበሯ ላይ ዘረጉልን።

አንደኛው ሙልቲፕሮፕሪዬታ ነው። ኦስቲያ ባህሩ ዳር አንድ የተወሰነ ቤት አለ፤ የዚያ ቤት አንድ የተወሰነ ሳምንት በየዓመቱ የእርስዎ ይሆናል። ኖታዮ፣ ውል አዋዋይ፣ ፊት ይፈረማል፣ በስምዎ ይጻፋል፣ ለልጅ ይወረሳል። ሁለተኛው የእረፍት ክለብ ነው። ቤት የለውም። በየዓመቱ ነጥብ ይሰጥዎታል፤ አምና ባህር የሄዱ ዘንድሮ ተራራ ይሄዳሉ፣ ሳምንቱንም እንደ ፈቃድዎ ይለዋውጣሉ፣ ሲሰለችዎ ይወጣሉ።

አርሴማ ሁለቱንም ተዪ አለች። እንቢ ሲሏት፣ አሎራ፣ እንግዲያው ክለቡ ይሻላል አለች፤ የሆስፒታል ተራዬ በየወሩ ይቀያየራል፣ በአንድ ሳምንት እንዴት ልታሰር? ከክለቡ ቢያንስ ሲፈልጉ ይወጣሉ።

«መውጣቱንማ መች አጣሁት» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል። «ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰው ቤት ስወጣ ነው የኖርኩት። እስቲ አንድ ጊዜ ልግባ።»

እኔንም ጠየቁኝ። በሐቁ ክለቡ እንደሚሻል እያወቅሁ፣ ፊታቸውን አይቼ፣ የራስ የሆነ ነገር ጥሩ ነው አልኳቸው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የመረጡት ሠላሳ ሰባተኛውን ሳምንት ነው፤ ዕንቁጣጣሽ ይውልበታል። ቁልፉን ከተረከቡ ጀምሮ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አሰሩት። አርሴማ ፈቃድ ወሰደች። በሩ ላይ ስትደርስ ምን እንደምትል በስልክ አስጠኗት፤ ልጅቷ ጣልያን ያሳደጋት ናት፣ ከየት ታውቀዋለች? ቅዳሜ ሻንጣዋን ይዛ ደረሰችና «ቤት ለእንቦሳ» አለች። እናት «እንቦሳ እሰሩ» ብለው መለሱ። ያንን ቃል የቤት ባለቤት ሆነው ሲመልሱት በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነው። ሲያጫውቱኝ እዚህ ላይ ሲደርሱ ቃሉን ደግመው ይሉታል።

ከሰዓት በኋላው እንደ ሐሙስ አለፈ። ጸጉሯን ሠሯት፣ በሉ፣ ባህሩ ዳር ተራመዱ፣ ሰው አሙ። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እትዬ ዘርፈሽዋል ብድግ አሉ፤ ቦርሳቸውን አነሱና «በይ እናቴ፣ እንዳይመሽብሽ» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው አርሴማ ናት። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ግን የሚወራ ጠፋ። የአራት ሰዓት ወሬ ነበራቸው፤ አምስተኛው ሰዓት ላይ ምን እንደሚባል ሁለቱም አልተማሩም። እሑድም እንደዚያው ሆነ፤ አስራ ሁለት ሰዓት ሲመጣ እናት ወጥ ቤት ገቡ፣ ልጅ ስልኳን ከፈተች።

እትዬ ዘርፈሽዋል መኝታ ቤቱን አልፈለጉትም። ሁለት ክፍል እያለ፣ ሲኞራዋ ቤት እንደለመዱት ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሶፋ ላይ ነበር ጋደም የሚሉት። ቁርስ ለአንድ ሰው ያቀርቡና ቆመው ይጠብቃሉ። ሰኞ ጠዋት አርሴማ ተቀመጪ አለቻቸው። እሺ አሉ፤ አልተቀመጡም። ወንበር ስባ ብትሰጣቸው የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቆሙ። ቢቀመጡ አንድ ነገር የሚያጎድሉ ይመስላቸዋል።

ማክሰኞ፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። አርሴማ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀስ ብላ ሄዳ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ያላየችውን ልታይ ነው። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ከዚያ ግንባራቸው ላይ የወረደውን ጸጉር ልታነሳ እጇን ስትሰድ፣ እናት ዓይናቸው ሳይገለጥ ዘለው ቆሙ።

«ኤኮሚ፣ ሲኞራ! መጣሁ!»

ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጋሉ፣ መሐረባቸውን ያስራሉ። ልጃቸው መሆኗን ያወቁት ስታለቅስ ነው።

«ማማ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«አውቄያለሁ፣ አውቄያለሁ። ምን ላምጣልሽ?»

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ከሆስፒታል ተደወለልኝ ብላ ሄደች። እንዳልተደወለላት እሳቸውም ያውቃሉ፤ አብረዋት ነበሩ፣ ስልኩ አልጮኸም። አርሴማ ራሷ ኋላ ስትነግረኝ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይደርስ መውጣት ነበረብኝ ነው ያለችኝ። በማግስቱ ዕንቁጣጣሽን እትዬ ዘርፈሽዋል ብቻቸውን ዋሉ። ለማን ብለው እንደሆነ እንጃ፣ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል አጠቡት።

አምና ሳምንቱ ሲመጣ አርሴማ ተራ አለብኝ አለች። ዘንድሮም አለባት። ቤቱን እንመልስ ብለው ቢጠይቁ የሚረከብ የለም ተባሉ፤ እሳቸው ሲያልፉ በሕጉ መሠረት ወደ ልጃቸው እንደሚዞር በትሕትና አስረዷቸው። ያ ነው የሚያስለቅሳቸው። ላወርሳት ብዬ የገዛሁት፣ ከሸሸችው ቤት ጋር አሰራት ይላሉ። ክለቡን ቢመርጡስ ኖሮ? ብዙ አስቤበታለሁ፤ የሚለወጥ ነገር ያለ አይመስለኝም። ተራራ ላይም ቢሆን አስራ ሁለት ሰዓት ይመጣል።

የከፋው ሐሙሱም መሄዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አርሴማ ሥራ ይበዛባታል። መጣች ሲሏት ትቀራለች፣ ስትመጣም ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ፣ እናቷን ጉንጫቸውን ስማ፣ ዓይናቸውን ሳታይ ትነሳለች። ድሮ አራት ሰዓት ይበቃቸው ነበር። ሌላ መኖሩን አያውቁም ነበርና።

ባለፈው ሐሙስ ወንበሯ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቁልፉን ከአንገታቸው አልፈቱትም፤ ሲያወሩ ያሻሹታል። ያንቺ ጌትነት ሕግ አጥንቷል አይደል፣ አሉኝ። ባለቤቴን ነው። አዎ አልኳቸው።

«እስቲ ጠይቂልኝ። ለሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሸጥ ቤት ይኖር እንደሆነ።»

እጠይቃለሁ አልኩ። መንገዱን ሲያዩ፣ የትራሙን መቆሚያ ሲያዩ ቆዩ። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቦርሳቸውን አነሱና፣ ማንም ወዳልተቀመጠበት የወንበሩ ጫፍ ዞር ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ግን አልወጣም።