ደጁ በእኔ፣ ማሩ በእሱ

የባሌን ታላቅ ወንድም ከተዳርኩበት ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም፤ እሱም አልወደደኝም። ይህንንም ከሰው አልደበቅንም። ከጉኑኖ በላይ ባለው ዳገት የሚለየን አንድ አጥር ነበር፤ ወዲህ የእኛ እንሰት፣ ወዲያ የእሱ። መሬቱ ለሁለት ወንድማማች አይጠብም ነበር፤ ለእሱ ሆድ ግን ጠበበ። ልጅ አልወለድንምና ባሌ ቢሞት መሬቱ ወደ እሱ እንደሚዞር አገር ያውቃል።

ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በክረምቱ ባሌን ሳል ያዘው። እየቆየ ደም የቀላቀለ አክታ መትፋት ጀመረ። በአገራችን ለደረት ከጣዝማ ማር የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ጣዝማ ትንኝ የምታክል ንብ ናት፤ አትናደፍም፣ የምትኖረውም ከመሬት በታች ነው። ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን፣ አልፎ አበባው ሲረግፍ፣ ጎመን ስቀጥፍ ቀዳዳዋን በእንሰታችን ሥር አየሁት። የጣት ጫፍ እንኳ አያስገባም።

አባቴ ቦምቤ ላይ ጣዝማ ቆፋሪ ነበር። ሴት አትቆፍርም ቢባልም እኔን አስተምሮኛል። ረጅም የሣር አገዳ ወደ ቀዳዳው ይሰደዳል፤ አፈር ቢደፍነው እንኳ መንገዱ አይጠፋም፤ አገዳውን እየተከተሉ መቆፈር ነው። ጎጆዋ ጋ ሲደረስ ማር የያዙት ትንንሽ የሰም ጽዋዎች ብቻ ይነሣሉ። እጩ፣ ገና ክንፍ ያላወጣው ልጇ፣ አይነካም። ጥቂት ማር ይተውላትና አፈሩ ይመለሳል፣ ቀዳዳው ግን ክፍት ሆኖ። «ቤቷን ካላፈረስሽባት ለልጅ ልጅሽም ትሠራለች» ይለኝ ነበር።

አገዳውን ሰደድኩ። ሄዶ ሄዶ ከአጥሩ ሥር ወደ ማዶ አለፈ። ደጁ በእኔ፣ ማሩ በእሱ መሬት!

ቢሆንም ሄጄ ለመንኩት። «የወንድምዎ ደረት እያለቀ ነው። ይፍቀዱልኝና ልቆፍር» አልኩት።

«በመሬቴ ላይ ሴት ዶማ አታነሣም» አለኝ፣ ቆጮውን እያላመጠ። ቀና ብሎም አላየኝም።

«እርስዎ የሚጠብቁት ሞቱን ነው!»

ዱላ አነሣ፤ ሚስቱ መሀል ገባች።

ሽማግሎች በዱቡሻው፣ ሰፈሩ በሚዳኝበት ሜዳ፣ ተቀመጡልን። እሱ «ማሩ የተኛው በእኔ አፈር ውስጥ ነው» አለ። እኔ «ቤት የሚታወቀው በደጁ ነው» አልኩ። ፍርዱ ማሩን እኩል ተካፈሉ ሆነ፤ መሬቱ የእሱ ስለሆነ ግን የሚቆፍረው እሱ ነው ተባለ። ሥጋን ለጅብ አደራ! እጩ ይትረፍ ብዬ ጮህኩ። ካካፈለሽ ምን ቀረሽ አሉኝ።

በማግስቱ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ደጄ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል። ፈታሁት። ጭቃ፣ የተፈረካከሰ የጽዋ ስባሪ፣ ገና የሚንቀሳቀስ ነጭ እጭ። አጥሩን ተሻግሬ ሮጥኩ፤ ጎጆው ከነሥሩ ተነቅሏል። ማሩን በቅል ሞልቶ ሶዶ ለመልከኛው፣ ገባር ለሆንንለት ጌታ፣ እጅ መንሻ ይዞ መሄዱን ሚስቱ ነገረችኝ። መሬት መሬት እያየች ነው የነገረችኝ።

ቅጠሉን ሽማግሎቹ ፊት ዘረጋሁት። አንደኛው በጣቱ ነካ አደረገና «ግማሽ ተባለ፣ ግማሽ ሰጠ» አለ። ፊቱ ላይ ልደፋበት ምንም አልቀረኝም። እጩን ወስጄ መልሼ ቀበርኩት፤ ያለ ቤት ያለ ማር ምን ሊሆን፣ ጉንዳን ጨረሰው። ከጭቃው ላይ በነጠላ አጥልዬ የጨመቅኩትን አንድ ጉንጭ የማትሞላ ነገር ለባሌ ሰጠሁት። «ትጣፍጣለች» አለ። ወንድሙን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ይህም አናደደኝ። የገና በዓል ሳይደርስ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ከሁሉ አብልጦ የጮኸ ያ ሰው ነበር። ደረቱን እየደቃ «ወይኔ ወንድሜን! ማሩም አላዳነው!» አለ።

«መቼ ሰጠኸውና ነው!» አልኩት። በዕድሜዬ አንተ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ሽማግሎቹ ነገሩን አለባብሰው ወጉን አነሡ። የሟችን ሚስት ወንድሙ ይወርሳል፤ ከእንሰቱ ጋር፣ ከላሟ ጋር። እሱ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የባሌ አልጋ ገና ሙቀቱ አልወጣም።

ለቅሶው ሳያልቅ፣ ራሴን እንደተላጨሁ፣ እንሰቱንም ላሚቱንም ትቼ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። በዚያ ዳገት ይህን ያደረገች ሚስት አልታየችም፤ እስከ ዛሬ ነውረኛ ይሉኛል። ይበሉ። ለእሱ እንሰት እየፋቅኩ ከማረጅ ነውሬን ተሸክሜ ብሞት እመርጣለሁ።